ሊጡ የት ያድራል? ስለ ዩቶፒያና ዲስቶፒያ ልብ ወለድ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ደራሲዎች በምናባቸው ስላቆሟቸው አገሮች ናቸው፤ እጅግ መልካም ስለተባሉትም፣ እጅግ ስለከፉትም። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

«ዩቶፒያ» እና «ዲስቶፒያ» ሲባል እሰማለሁ። አንዱ ገነት፣ ሌላው ሲኦል ማለት ነው ብሎ መያዝ ይበቃል?

መልስ፦

አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። ገነትና ሲኦል ከሰው እጅ ውጭ ናቸው። ዩቶፒያም ዲስቶፒያም ግን ሰው ሕግ አውጥቶ፣ ግንብ ገንብቶ፣ ሥራ አከፋፍሎ ያቆማቸው ናቸው። ስለዚህ «ማን ያርሳል? ዕቃውን ማን ያጥባል? የበሩን ቁልፍ የያዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ገነትን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቃሉን የፈጠረው እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር ነው። በላቲን የጻፈው «ዩቶፒያ» በ1516 በሉቨን ከተማ ታተመ። ከግሪክኛ ሲፈታ «የትም የሌለ ቦታ» ማለት ነው፤ በጆሮ ሲሰማ ግን «መልካም ቦታ» ከሚለው ጋር ይገጥማል። ሞር ሁለቱን ሆን ብሎ ነው ያጣመራቸው፤ ሰምና ወርቅ ያደገበት አንባቢ ዘዴውን ወዲያው ይይዘዋል። ስለ ደሴቲቱ የሚተርክልን መንገደኛ ሂትሎዴዎስም ስሙ ራሱ «ቀባጣሪ» ወደሚል ትርጉም ያዘነብላል።

የደሴቲቱን አኗኗር ልብ ብለው ይዩት። ከተሞቹ 54 ናቸው። ሥራ በቀን 6 ሰዓት ብቻ ነው። ቤቶች በየ10 ዓመቱ በዕጣ ይቀያየራሉ። ወርቅ የተናቀ ነገር ስለሆነ የሽንት ዕቃና የባሪያ ሰንሰለት ይሠሩበታል። አሁን የመጨረሻውን ሐረግ መልሰው ያንብቡት። አዎ፣ በዚህ መልካም አገር ባሪያ አለ፤ ከብት የሚያርደው እሱ ነው። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአውራጃው ርቆ የተገኘ ሰው ይቀጣል፣ ከደገመ ባሪያ ይሆናል።

«ዲስቶፒያ» የሚለውን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1868 በእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥቱን የአየርላንድ ፖሊሲ ሲነቅፍ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ሁለቱን ሲያነቡ እንደ ሁለት አገር አይያዟቸው። ብዙ ጊዜ አንድ አገር ናቸው፤ ልዩነቱ ታሪኩን የሚነግረን ጌታው ነው ወይስ ከብት አራጁ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

90 ገጽ ያህል የዲስቶፒያ ልብ ወለድ ጽፌአለሁ። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ «ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን አዋጅ የማነብ መሰለኝ» ይሉኛል። ከየት ጀምሬ ላስተካክለው?

መልስ፦

ጓደኞችዎ በትክክል አይተዋል፤ የብዙ ጀማሪ ዲስቶፒያ ሕመም ይኸው ነው። ደራሲው አገሩን ሲያስብ ከቤተ መንግሥት ይነሣል፤ መሪው፣ ምስጢራዊው ፖሊስ፣ ታላቁ ጦርነት፣ የክልሎቹ አከፋፈል። አንባቢ ግን የሚኖረው ወጥ ቤት ነው። አገሩን እዚያ ካላገኘው አያምንም።

ረቂቁን ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩትና በባዶ ወረቀት ላይ የአገሩን ዋና ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላ ካለዎት ሕመሙ የጀመረው እዚያ ነው፤ ሁለት ሦስት አገር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አጭቀዋል ማለት ነው። ለማሳያ ያህል አንድ ሕግ እንፍጠር፤ «ማንም ቤት ምግብ አያሳድርም»።

መጀመሪያ ሕጉን ያወጣው ሰው ክፉ አይሁን። ከዓመታት በፊት ረሃብ ነበር እንበል፤ አንዳንዱ በጎተራው እህል ደብቆ ጎረቤቱ በጠኔ አለቀ። ሕጉ የታወጀ ዕለት ሕዝቡ እልል ብሏል። ይህን ካላስገቡ አንባቢዎ «ታዲያ ሰዎቹ ለምን ዝም አሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣም መጽሐፉን ይዘጋል።

ከዚያ ሕጉን ይዘው ወጥ ቤት ይግቡ። እንጀራ በአንድ ቀን አይደርስም። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ምግብ ማሳደር ከተከለከለ ሊጡ የት ያድራል? እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ልብ ወለድዎ መተንፈስ ይጀምራል። መንግሥት በየቀበሌው የሊጥ ቤት ይከፍታል። የሊጥ ቤቱ ዘበኛ ይኖረዋል፤ ዘበኛው ጉቦ ይለምዳል። እርሾ እንደ ወርቅ ይወደዳል። አንዲት እናት ከአያቷ የወረደላትን እርሾ በመድኃኒት ብልቃጥ ትደብቃለች። የሚቦካ ሊጥ ደግሞ ሽታው ያሳብቃል፤ ሽታውን ለመሸፈን ዕጣን ታጨሳለች፤ ሌላውም እንደሷ ያጨሳል፤ በመጨረሻ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ሁሉ ይጠረጠራል። እስካሁን አንድም ፖሊስ አልገባም፤ አገሩ ግን ቆሟል።

ሦስተኛው ነገር ልክ ነው፤ ግራም፣ ሰዓት፣ ሳንቲም። ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው «1984» የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል። በማግሥቱ ሕዝቡ ራሽኑ ወደ 20 ግራም «ከፍ ስላለ» ምስጋናውን ለማቅረብ ሰልፍ መውጣቱ ይነገራል። ስለ መንግሥቱ ውሸት ሃምሳ ገጽ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ 10 ግራም ሥራውን ሠራ። በእርስዎ ረቂቅ ውስጥ «ከባድ ግብር» የሚል ካለ ያጥፉትና ስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ ለማን፣ ካልተከፈለ ምን እንደሚወሰድ ይጻፉ።

አሁን ወደ ረቂቁ ይመለሱ። ስለ ሥርዓቱ የሚያብራራውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቀይ ያስምሩበት። ሁለት አንቀጽ ተከታትሎ ቀይ ከሆነ ይበትኑት፤ ግማሹን ይሰርዙ፣ የቀረውን ወደ ጠብ፣ ወደ ወረፋ፣ ወደ ልጅ የቤት ሥራ፣ ወደ ደረሰኝ ይለውጡት። «እንደምታውቀው ከታላቁ ጦርነት ወዲህ…» የሚል ምልልስ ካለ ያለ ርኅራኄ ያውጡት፤ ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ አይተራረኩም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከሦስት በላይ አዲስ የፈጠሩት ስያሜ አይኑር፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢ ታሪኩን ትቶ መዝገበ ቃላት ማጥናት ይጀምራል።

ስለ ስያሜ ካነሣን ዘንድ፣ ጀማሪ ደራሲ ለክፉ ነገር ክፉ ስም ይሰጣል፤ «የሞት ሚኒስቴር»፣ «የጨለማ ጓድ»። ጨካኝ ሥርዓት ግን እንዲህ አይናገርም፤ ቃሉ ለስላሳ፣ የቢሮ ቃል ነው። በካዙዎ ኢሺጉሮ የ2005 ልብ ወለድ ሰውነታቸው ለሌሎች መለዋወጫ እንዲሆን ያደጉት ልጆች ሲሞቱ «ጨረሱ» ነው የሚባለው። አማርኛ ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በደርግ ዘመን «እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ስለ መራመድ የሚያወራ ይመስላል። የእርስዎ አገር ሰዎች ሲጠፉ ምን ይባላል? ያን ቃል ያግኙ። አንባቢ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሳያስተውለው ይለፍ፣ በአሥረኛው ሲሰማው ይደንግጥ።

ዋናው ገጸ ባሕርይም ከሥርዓቱ እጅ የሚበላ ይሁን። በኦርዌል መጽሐፍ ዊንስተን አሮጌ ጋዜጣ እየፋቀ ውሸቱን የሚጽፈው ራሱ ነው። በሬይ ብራድበሪ የ1953 «ፋራናይት 451» ሞንታግ መጽሐፍ አቃጣይ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ አመጸኛ የሆነ ሰው የሚጓዘው መንገድ የለውም። በሊጡ አገር ብንጽፍ እኛ የምንመርጠው ዘበኛውን ነው፤ እርሾውን በብልቃጥ የደበቀችው ደግሞ እናቱ ትሁን።

መጨረሻ ላይ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ምስጢሩን የሚዘረግፍበት ምዕራፍ ካለ እሱም ይውጣ። ኦርዌል ራሱ በመካከል የተከለከለ መጽሐፍ ረዘም አድርጎ ያስነብበናል፤ በእኛ ግምት የሥራው ደካማ ክፍል እሱ ነው። ደራሲው ሳያውቀው የቀረም አይመስልም፤ ዊንስተን እያነበበላት ፍቅረኛው ጁሊያ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ልጄ ስለ «ሐበሻ ልዑል» የሚናገር የድሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በትምህርት ቤት ተሰጥቷታል። ታሪኩ በአማራ ምድር ካለ የደስታ ሸለቆ ይነሣል ትለኛለች። ከእኛ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

መልስ፦

አለ፤ ብዙም አለ። መጽሐፉ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው፣ በ1759 የታተመ። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ የተረጎመበት ነበር። የልዑሉም ስም ከዚያው የመጣ እንደሆነ ይታመናል፤ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሷል።

ሸለቆው በተራራ የታጠረ ነው። መግቢያው በዐለት ሥር የሚያልፍ ዋሻ ሲሆን በሸለቆው በኩል ያለ መሣሪያ የማይነቃነቅ የብረት በር ተገጥሞለታል። የንጉሡ ልጆች የዙፋን ተራ እስኪደርሳቸው እዚያ ይኖራሉ። ንጉሡ በዓመት አንድ ጊዜ ለ8 ቀን ሲመጣ በሩ በሙዚቃ ይከፈታል፤ ያኔ ሙዚቀኛውም ባለሙያውም ለመግባት ይሻማል፤ የገባ ግን አይወጣም። ራሴላስ በ26 ዓመቱ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ይከፋዋል። በሐሳብ ብቻ 20 ወር ያባክናል፤ ባባከነው እየተቆጨ 4 ወር ይጨምራል፤ ከዚያ መውጫ ሲፈልግ 10 ወር ይሄዳል። ክንፍ ሠርቶ ሊያበርረው የተነሣ ባለሙያ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በመጨረሻ ከገጣሚው ኢምላክ ጋር ተራራውን ፈልፍለው፣ እህቱን ነቃያን ይዘው ወደ ካይሮ ይሄዳሉ።

ሥሩ ያለው ወሎ፣ ግሸን አምባ ላይ ነው። ነገሥታቱ የዙፋን ተቀናቃኝ እንዳይነሣ ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን እዚያ አምባ ላይ ያኖሩ ነበር። ወሬው በመንገደኞች አውሮፓ ደርሶ እየተዋበ ሄደ፤ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበትን «የአማራ ተራራ» አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እንደሚሉት አድርጎ ያነሣዋል። በጎንደር ዘመን ደግሞ ልዑላኑ የሚጠበቁበት ወህኒ የተባለው አምባ ሆነ። ዛሬ «ወህኒ ቤት» የምንለው ስሙን ከዚያ አምባ እንደወሰደ ይነገራል። ከሩቅ ሆኖ የሰማው የደስታ ሸለቆ ብሎ ጻፈው፤ አጠገቡ የኖረው ሕዝብ የእስር ቤት መጠሪያ አደረገው። ልጅዎ ስለ መጽሐፉ ድርሰት የምትጽፍ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መነሻ አታገኝም።

ለንባቡ ያህል፣ መጽሐፉ 49 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ከሸለቆው የሚወጡት 15ኛው ላይ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ «ምንም የማይደመደምበት መደምደሚያ» እንደማለት ነው፤ መምህሯ ሳይጠይቋት አይቀሩም። በአማርኛም አለ፤ የተረጎመው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ቢያፈላልጉት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ማንበብ ትችላለች።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በኦርዌልና በኦልደስ ሀክስሊ ላይ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ፤ «የሚያስፈራው ሰውን እያሠቃየ የሚገዛው ነው ወይስ እያስደሰተ የሚገዛው?» እንዴት ልምራቸው?

መልስ፦

ክርክሩ ከተማሪዎችዎ በፊት በሁለቱ ደራሲዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። ሀክስሊ በኢተን ትምህርት ቤት ወጣቱን ኦርዌልን ፈረንሳይኛ አስተምሮታል። «1984» በወጣ ጊዜ፣ በጥቅምት 1949፣ ለቀድሞ ተማሪው ደብዳቤ ጻፈለት። መጽሐፉን ካመሰገነ በኋላ ወደፊት ገዥዎች ከዱላና ከእስር ይልቅ ሕፃናትን ከማለዳ ማለማመድና ማደንዘዣ እንደሚቀላቸው ይገባቸዋል ሲል ሞገተው። የእሱ የ1932 መጽሐፍ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንታ ይፈለፈላል፣ የከፋው ሰው ሶማ ከተባለው የደስታ መድኃኒት ግማሽ ግራም ይውጣል።

ለክፍልዎ የምንመክረው ሦስተኛ መጽሐፍ እንዲጨምሩ ነው፤ የሩሲያዊው የየቭጌኒ ዛሚያቲን «እኛ»። በ1920 እና 21 ተጽፎ በ1924 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒው ዮርክ ታተመ፤ በደራሲው አገር የወጣው በ1988 ነው። ኦርዌል በ1946 ገምግሞታል። ዛሚያቲን የመርከብ መሐንዲስ ነበርና አገሩን እንደ ማሽን ገጣጠመው፤ ሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራል፣ ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው፣ መጋረጃ የሚወርደው በሮዝ ቲኬት ለተፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ጉርሻ 50 ጊዜ ይታኘካል። ማስፈራራቱም ማስደሰቱም እዚያ በአንድ ላይ አሉ።

ከዚያ ተማሪዎቹን «የትኛው ይብሳል?» ብለው አይጠይቋቸው፤ መልሱ ወደ ስሜት ይሄዳል። ከሦስቱ መጻሕፍት የአንድ ተራ ሰው አንድ ቀን፣ ከማለዳ እስከ መኝታ፣ በሰዓት ከፋፍለው በሰንጠረዥ ያውጡ። ሲበላ፣ ሲሠራ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ሲዋደድ ማን ያየዋል? የቱ ሰዓት የራሱ ነው? ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ

የከፉ አገሮችን ማንበብ ሰለቸኝ። መልካም አገር የሚያሳይ ልብ ወለድ ስፈልግ ደግሞ ያገኘሁት ሁሉ እንቅልፍ ያመጣል። ለምን?

መልስ፦

አብዛኞቹ የቆዩ ዩቶፒያዎች የአስጎብኚ ታሪክ ስለሆኑ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ አንድ ሊቅ ይዞት ይዞራል፣ እንግዳው «እጅግ ይደንቃል» ይላል። ግጭት የለም፤ ግጭት ከሌለ ሴራው የሚይዘው የለም።

መፍትሔውን ያገኘችው በእኛ ሚዛን ኡርሱላ ለ ግዊን ናት። በ1974 ያሳተመችው «ዘ ዲስፖዝስድ» «አሻሚ ዩቶፒያ» በሚል ንኡስ ርእስም ይታወቃል። አናሬስ የተባለች ደረቅ ጨረቃ ላይ ንብረትም፣ እስር ቤትም፣ መሪም የሌለው ማኅበረሰብ ይኖራል። ለ ግዊን ይህን ሰላም የፈተነችው በድርቅ ነው። ሳይንቲስቱ ሼቬክ ማን ሙሉ ራሽን፣ ማን ግማሽ እንደሚያገኝ ዝርዝር የማውጣት ሥራ ይደርሰዋል። ክፉ ሰው የለም፣ የሚያዝ የለም፤ ዝርዝሩ ግን መውጣት አለበት። ልብ የሚሰቅለው እዚህ ነው፤ መልካሙ አገር በራሱ መልካም ሕግ ሲፈተን።

በአማርኛ ከፈለጉ ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይን «አዲስ ዓለም» ያንብቡ፤ በ1925 ዓ.ም. የወጣ ነው። የርእሱ ማሟያ «የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» ይላል፤ ዩቶፒያን በአማርኛ ለመተርጎም ከዚህ የተሻለ ሐረግ አላየንም። መቼቱ ሩቅ ደሴት አይደለም፣ ተጉለት ነው። ዓወቀ የተባለው ወጣት ፈረንሳይ ተምሮ ይመለስና ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው በትልቅ ፍልስፍና ሳይሆን በአባቱ ተዝካር ወጪና በጋብቻ ልማድ ነው። አንድ ድግስ ስንት እንደሚያስወጣ መነጋገር አዲስ ዓለም የመሥራት መጀመሪያ ሆኖ ቀርቧል። ቋንቋው ዘመኑን ይመስላል፤ አይቸኩሉበት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

የ12 ዓመት ልጄ ዲስቶፒያ ማንበብ ጀመረ። ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦

በዚህ ዕድሜ ለመጀመር የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» (1993) ይስማማዋል፤ ዋናው ልጅ ዮናስም 12 ሲሞላው ነው የሥራ ዕጣው የሚነገረው። በዚያ አገር ሽማግሌዎችና አንዳንድ ሕፃናት «ይሰናበታሉ»። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ዮናስ አባቱን በሥራው ላይ ሲያይ ነው። እርስዎ ቀድመው ያንብቡትና ልጅዎ እዚያ ምዕራፍ ሲደርስ አጠገቡ ይሁኑ። «ይሰናበታሉ» የሚለውን መጀመሪያ ሲያነብ ምን መስሎት እንደነበር ይጠይቁት።